ስለ ቤት ስፒከር አመራረጥ፤ ከዋት ይልቅ ጆሮን እንመን

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ሳምንት ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ ላቀርበው ያሰብሁት አሳብ በየመኖሪያ ቤቱ ሙዚቃና ዜና ስለሚሰማበት ስለ ስፒከር ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ዕቃ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በውጭ አገር ገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ፣ የመጋዘን ቦታ የሚይዝና በሱቅ ዋስትና የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ የነጋዴውን ስም ተሸክሞ ወደ ገዢው ቤት የሚገባ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የንግዳችን ክብር ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ ሱቄ የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ጡረተኛ መምህር ለቤታቸው የሚሆን ስፒከር ሊገዙ መጡ። እኔም እንደ ልማዴ በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር ብዙ ሺህ ዋት ተብሎ የተጻፈበትን፣ መብራቱ የሚብለጨለጨውንና ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርሰውን ሣጥን አሳየኋቸው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ብለቀው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ እርሳቸውም ዋጋውን ከፍለው ወሰዱ። በዘጠነኛው ቀን ግን ሣጥኑን በታክሲ ጭነው መልሰው አመጡት። «ጋሼ፣ ተበላሸብዎ እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የለም ልጄ፣ አልተበላሸም፤ ሲጮኽ ይሰማል፣ ሲናገር ግን አይሰማም» አሉኝ።

ነገሩንም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የታመመ ጎረቤት አለ፤ በወዲህኛው ክፍል ደግሞ የልጅ ልጃቸው ትተኛለች። ስለዚህ ማታ ማታ ዜናውንና በገናውን የሚሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርገው ነው። ያ ሣጥን ግን ዝቅ ሲደረግ የበገናው ወፍራም ድምፅ ይጠፋል፤ የዜና አንባቢው ቃልም በጋን ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል። ቃሉን ለመስማት ከፍ ቢያደርጉት ጎረቤት ይታወካል። ገንዘባቸውን መለስሁላቸው። ነገር ግን ጥፋቱ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የእኔም እንደ ነበረ ዘወትር ይታወሰኛል፤ የት ሆነው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ከፍተው እንደሚሰሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋቸውምና።

ለመሆኑ በከፍተኛ ድምፅ ያማረ ስፒከር ዝቅ ሲደረግ ስለ ምን ይከሳል? የመጀመሪያው ምክንያት በሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን በጆሯችን ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በቤል የቴሌፎን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሐርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የሰው ጆሮ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በእኩልነት እንደማይሰማ በመለኪያ አሳይተዋል። ድምፁ ዝቅ ባለ መጠን ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ ፈጥኖ ይተወዋል። ይህ ጥናት በሌሎች ሊቃውንት እየታረመ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሁኖ ወጥቷል።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ኸርዝ ደግሞ ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነገርበት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታረመው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ በ1,000 ኸርዝ 80 ዴሲቤል ከሆነ ድምፅ ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማ በ100 ኸርዝ ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ 92 ዴሲቤል ገደማ መድረስ አለበት። ልዩነቱ 12 ያህል ነው። መካከለኛው ድምፅ ወደ 40 ዴሲቤል ሲወርድ ግን ወፍራሙ 64 ዴሲቤል ገደማ መሆን ይኖርበታል፤ ልዩነቱም ወደ 24 ያድጋል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ቁልፍ ግን ይህን አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል 40 ዴሲቤል ይቀንሳቸዋል። ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ 52 ላይ ይቀራል፤ ለጆሯችን ከሚያስፈልገው 12 ዴሲቤል ይጎድለዋል ማለት ነው። ይህም ጉድለት በኃይል ሲሰላ የ16 እጥፍ ያህል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቤቱ የራሱ ጫጫታ ነው። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፤ መኪና በመንገድ ያልፋል፤ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መምሪያ ላይ፣ ለመልካም እንቅልፍ የመኝታ ክፍል ጫጫታ በሌሊት ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ በ50 ዴሲቤል የሚሰማ ሙዚቃ ከጫጫታው በላይ ያለው ቦታ 20 ዴሲቤል ብቻ ነው። በሙዚቃው ውስጥ ያሉት ለስላሳ ክፍሎች ከዚያ በታች ሲወርዱ በጫጫታው ይሸፈናሉ። ስለዚህ ለማታ የሚሆን ስፒከር ቃልንና ዜማን አጥርቶ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ የደፈረሰ ድምፅ ጫጫታ ሲጨመርበት ፈጽሞ አይለይምና።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። አብዛኛው ገዢ ወደ ሱቃችን ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው፤ እኛም ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ እያነበብን እንመልሳለን። ነገር ግን ለቤት የሚሆን የተለመደ ስፒከር በአንድ ዋት ኃይል፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ከ84 እስከ 90 ዴሲቤል ያህል ድምፅ ይሰጣል። ሰው በመጠነኛ ድምፅ ሲነጋገር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲቀነስ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚወርድ፣ በሌሊት በዚያ ልክ ለሚሰማ ሰው የሚያስፈልገው ኃይል የአንድ ዋት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ጡረተኛው መምህር ለብዙ ሺህ ዋት ከፍለው ሲያበቁ በእውነት የተጠቀሙበት ከአንድ ዋት ያነሰ ነበር።

ከዚህም በላይ፣ በካርቶን ላይ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉም የተስማማበት የታወቀ የአለካክ ሥርዓት የለውም። እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ወደደ ሊጽፈው ይችላል። እውነተኛውን ለመገመት የሚሻ ባለሱቅ የዕቃውን ጀርባ ይመልከት። በዚያ በትንሹ ተጽፎ የሚገኘው ዕቃው ከመብራት መስመር የሚስበው ኃይል ነው። ከመስመሩ 60 ዋት ብቻ የሚስብ ዕቃ ሳያቋርጥ 5,000 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ከአንድ እንስራ ውሃ አሥር እንስራ አይቀዳምና። በአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ለቤት መዝናኛ የሚሆኑ አምፕሊፋየሮች ኃይላቸው በታወቀ አለካክ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ይኸው ደንብ በ2024 እንደገና ተሻሽሏል። እነዚያ ነጋዴዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት የደረሰባቸውን የስም መበላሸት እኛ በራሳችን ፈቃድ ልንከላከለው እንችላለን።

ትርፍ ኃይል ምንም ባይጠቅም ምን ይጎዳል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በዝቅተኛ ድምፅ ግን ይጎዳል። እጅግ ኃይለኛ በሆነ አምፕሊፋየር ላይ ገዢው ቁልፉን ገና ከመነሻው ትንሽ ሲያዞረው ድምፁ ይበዛበታል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ በዚያ በመነሻው ሥፍራ ቀኝና ግራውን አያመዛዝኑም፤ አንደኛው ጎን ጎልቶ ሌላው ይደክማል። ሌላም አለ፤ አምፕሊፋየሩ በራሱ የሚያወጣው ሹክሹክታና የመብራት እርግብግቢት በከፍተኛ ድምፅ ጊዜ ይሸፈናል፤ ሌሊት ግን ከሙዚቃው ጋር እኩል ይሰማል። ስለዚህ ለቤት የሚበጀው መጠነኛ ኃይልና ጸጥ ያለ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ በዝቅተኛ ድምፅ የሚያምረውን ስፒከር በምን እንለየው? ከሁሉ አስቀድሞ የሰውን ቃል አጥርቶ ማውጣት አለበት። ሙዚቃም ሆነ ስብከት፣ ዜናም ሆነ ተረት፣ ትልቁ ክፍሉ ያለው በመካከለኛው ድምፅ ላይ ነው። ይህ ክፍል ያልተስተካከለበት ሣጥን በቤዝ ብዛትና በመብራት ብልጭታ አይካስም። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የእንግሊዝ የስርጭት ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለስርጭት መኪናዎቹ ያሠራው ኤል.ኤስ. 3/5ኤ የተባለው ስፒከር ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሰውን ድምፅ በማጥራቱ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ይፈለጋል። እንደዚሁም የኳድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው የፒተር ዎከር ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር እጅግ ለመጮኽ የማይችል ሆኖ ሳለ፣ በድምፁ ጥራት ስሙ ተከብሮ ኖሯል። እነዚህን በመጋዘናችን እናስገባ ማለቴ አይደለም፤ መጠንና ጩኸት የመልካምነት መለኪያ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛ፣ ጆሮ የሚተወውን ወፍራም ድምፅ የሚመልስ መላ ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ሲባል በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ላውድነስ የሚባል ቁልፍ ይገኛል፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ከፍ ያደርገዋል። የያማሃ ፋብሪካ በአንዳንድ አምፕሊፋየሮቹ ላይ ይህን ቁልፍ በመጠን የሚዞር አድርጎ ሠርቶታል። በዛሬው ጊዜም በውስጣቸው የኤሌክትሮኒክ ማስተካከያ ያላቸው ብዙ የብሉቱዝ ስፒከሮች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ የሆኑት ሳውንድባሮች አንዳንዶቹ የሌሊት መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ይህም የፍንዳታውንና የጩኸቱን ድምፅ ዝቅ፣ የንግግሩን ድምፅ ከፍ በማድረግ ሁለቱን ያቀራርባል። እነዚህ ነገሮች በዕቃው ላይ እያሉ የማናሳይና የማናስረዳ ብዙዎች ነን።

ሦስተኛ፣ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን መለኪያ በትክክለኛ ቦታው ማየት ያሻል። ይህ መለኪያ ስፒከሩ በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ ይነግረናል። 89 ዴሲቤል የሆነው ከ83ቱ ጋር እኩል ድምፅ ለማውጣት አራተኛውን ኃይል ብቻ ይፈልጋል። ይህ ደካማ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ሁሉ በዝቅተኛ ድምፅ ያምራል የሚሉ ሻጮች ተሳስተዋል። ከላይ የጠቀስሁት የቢ.ቢ.ሲ. ስፒከር መለኪያው ወደ 83 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። እንዲያውም ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ሹክሹክታ አጉልቶ የሚያሰማበት ጊዜ አለ።

አራተኛ፣ አቀማመጡ የዋጋውን ያህል ነገሩን ይወስነዋል። ትንሽ ስፒከር ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ወፍራም ድምፁ ይበረታል፤ ከማዕዘን ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይጨምርና ቃሉን ማደፍረስ ይጀምራል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ግልጥ በሆነ ሥፍራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስፒከሩን ወደ መቀመጫው ማቅረብ ድምፁን ሳይጨምሩ ጥራቱን ማግኛ፣ ጎረቤትንም ማክበሪያ ነው። በባዶ ሲሚንቶ ክፍል ድምፁ ስለሚያስተጋባ ምንጣፍና መጋረጃ ይረዳል። ይህን ምክር ከዕቃው ጋር ለገዢው መስጠት ሳንቲም አያስወጣም።

በሱቅ ውስጥ የሚደረገውም ፈተና መለወጥ ይኖርበታል። ዛሬ የምናደርገው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ መንገደኛውን ማስደንገጥ ነው። እኔ ከዚያ ጡረተኛ መምህር ወዲህ የያዝሁት ልማድ የሚከተለው ነው። ገበያው ሳይሟሟቅ በማለዳ ወይም በሩን ገጠም አድርጌ ገዢውን አስቀምጣለሁ። ድምፁን እኔና እርሱ ቃላችንን ሳናነሣ ልንነጋገር በምንችልበት ልክ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የዜና ንባብ፣ ቀጥሎ በገና፣ ከዚያም ትርምፔትና ከበሮ ያለበት የባንድ ሙዚቃ አሰማዋለሁ። በገናው በተለይ ጥሩ መመዘኛ ነው። ወፍራሙ ድምፁና የጅማቱ መንዘር አብረው ካልተሰሙ ስፒከሩ ለሌሊት አይሆንም፤ እንደ መምህር አለሙ አጋ ያሉትን ሊቃውንት ቅጂ የሚያውቅ ገዢ ጉድለቱን ወዲያው ይለየዋል። ከዚያም ድምፁን ቀስ እያልሁ ዝቅ አደርግና አስቀድሞ የጠፋው ምን እንደ ሆነ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻም ሙዚቃውን አቁሜ፣ ስፒከሩ በባዶው እንዳያንሾካሹክ ጆሮውን አቅርቦ እንዲሰማ አደርጋለሁ።

ሁለት ስፒከሮችን የምናወዳድር እንደ ሆነ ደግሞ ሁለት ነገሮች ያሻሉ። አንደኛው ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ነው፤ በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። በእጅ ስልክ ላይ የሚገኝ የድምፅ መለኪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሁለተኛው ሣጥኖቹን በስስ ጨርቅ መሸፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ የሰጡት ፍርድ ሳያዩ ከሰጡት እንደተለየ፣ መልክና መጠን ጆሮን እንደሚያታልል አሳይተዋል። ዓይን ገዢ ነው፤ የቤቱን ድምፅ የሚሰማው ግን ጆሮ ነው።

ለአስመጪዎች ደግሞ ልዩ ቃል አለኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ዶላር በስንት ብር እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ትልቅ ሣጥን በውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር አየር ነው፤ በመርከብ የሚጓዝ ቀላል ዕቃ ደግሞ ኪራዩ የሚታሰበው በያዘው ቦታ ልክ ነው። እንግዲያው ከሩቅ ምሥራቅ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም እስከ አዲስ አበባ ለአየር ኪራይ እየከፈልን ነው ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ሣጥን ቦታ ብዙ ጥንድ ትንንሽና የተመረጡ ስፒከሮች ሊጫኑ ይችላሉ። ከዚህም አልፎ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ክፍሎች ብቻ አስመጥቶ፣ ሣጥኑን በአገራችን አናጢዎች ማሠራት የሚቻልበትን መንገድ ማጥናት የሚገባ ይመስለኛል።

አስመጪው ትዕዛዝ ከመስጠቱ በፊት ከፋብሪካው በጽሑፍ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል፣ ማለት አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ሴንሲቲቪቲው ስንት ዴሲቤል ነው፣ በምንስ አለካክ? ሦስተኛ፣ ወፍራሙ ድምፅ እስከ ስንት ኸርዝ ይወርዳል፣ በዚያስ ሥፍራ ስንት ዴሲቤል ቀንሶ? አራተኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ቤዙን የሚያስተካክል መላ አለውን? አምስተኛ፣ ለአገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መስመር የተሠራ ነውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች በፕሮፎርማው ላይ መልስ ለመጻፍ የማይፈቅድ ፋብሪካ የዕቃውን ጠባይ አያውቅም፣ ወይም ሊደብቅ ይሻል። ከዚህም ጋር አንድ ጥንድ ናሙና አስመጥቶ፣ አንድ ሳምንት በገዛ ቤት በሌሊት መስማት ከኪሣራ ያድናል።

የሚቃወሙኝ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። «ገበያው የሚፈልገው ትልቅና የሚጮኽ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ የተፈለገውን ያቀርባል» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ለሠርግ፣ ለአዳራሽና ለምሽት ቤት ኃይለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያን የሚሸጡትን አልነቅፍም። የምነቅፈው ለአዳራሽ የተሠራውን ለመኝታ ክፍል መሸጥን ነው። ገዢው ዋትን የሚጠይቀው ሌላ የሚጠይቀውን ስላላስተማርነው ነው። ደግሞም የከተማችን አኗኗር እየተለወጠ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግድግዳ ተጋርቶ በፎቅ ላይ ይኖራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የድምፅን ልክ የሚወስኑ ደረጃዎች እንዲወጡ ደንግጓል። ጎረቤትን የማያውክ ዕቃ የሚፈልገው ገዢ ዛሬ ጥቂት ቢመስል፣ ነገ ብዙ መሆኑ የማይቀር ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነጋዴዎች የሆንን የምክር ቤቱ አባላት ተሰብስበን፣ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የተባለውን ቁጥር በሱቃችን ማስታወቂያና በደረሰኛችን ላይ ላለመጠቀም፣ በምትኩም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይልና ሴንሲቲቪቲውን ለመጻፍ እንስማማ። በየሱቁም ገዢ በዝቅተኛ ድምፅ የሚሰማበት አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ይኑር። ለዚህ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻንም፤ የነጋዴ ቃል ከሕግ ቀድሞ የነበረ ነው።

ጡረተኛው መምህር በመጨረሻ የወሰዱት በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥንድ ትንሽ ስፒከር ነበር፤ ዋጋውም ከፊተኛው ያነሰ ስለ ነበረ፣ በዚያን ቀን ያገኘሁት ትርፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ። አንደኛው ከግድግዳው ወዲያ የነበረው፣ ከሕመሙ የዳነው ሰው ነው። «እኚህ ሰው ሌሊት የሚሰሙትን በገና እኔም ለራሴ ልስማው ብዬ ነው» አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የንግድም ስም እንደዚሁ ነው።